አለበል ትንፋሽ ያስተማረበት መጋዘን

አለበል ይታገሱ በቡሬ የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ሦስት የጭነት መኪኖች ነበሩት። ጦርነቱ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን አንዲት ልጁን ሰብለን ምጥ ያዛት። ራሱ እየነዳ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዟት ወጣ። ማንኩሳ አጠገብ ተኩስ ተሰማ፤ መኪናው ሳያልፍ ቀረ። ሰብለ እጁን እንደያዘች እዚያው አረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም።

ከሠልስቱ ማግስት አለበልን ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ገበያ መሐል ደረቱን ጨምቆ ይቆማል። ግሽ ዓባይ ጠበል ገባ፤ አዲስ አበባም ተመርምሮ "ደህና ነህ" ተባለ። አንዲት ሐኪም ግን ዮጋ ወደሚያስተምሩ ሽማግሌ ላከችው። ምንጣፍ ላይ አስተኝተው እጃቸውን ሆዱ ላይ አሳረፉና፣ "ቀስ ብለህ አስወጣው፤ የሚገባው ራሱ ይገባል" አሉት። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ስምንት ወር ከእግራቸው ሥር ተማረ። ቡሬ ሲመለስ መኪኖቹን ሸጠ፤ የበርበሬ መጋዘኑንም ባዶ አደረገ። ሦስት ጊዜ ቢታጠብ እንኳ ግድግዳው ያስነጥስ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ባልቴቶችና እንቅልፍ የከዳው አንድ አስተማሪ ትንፋሽ ሊማሩ መጡ፤ ክረምቱ ሲወጣ አርባ ሆኑ። ሁሉም የሚወደውን የቀበረ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሄዶ ያስተምር ጀመር፤ አውቶቡሱ ማንኩሳን ሲያልፍ ዓይኑን ይጨፍናል።

ጠዋት ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሲያጎነብሱ ያየ የከተማው ሰው ግን "ለፀሐይ ይሰግዳል" አለ። የንስሐ አባቱ ቄስ ሃይለ ሚካኤል አስጠሩት።

"ልጄ፣ በጸሎት ያጣኸው ምን ነበር?"

"አባቴ፣ ለመጸለይም እኮ ትንፋሽ ያስፈልጋል።"

"እንግዲያስ መጋዘኑን እስክትዘጋ ድረስ ቤትህ አልገባም።"

ሚስቱ ንግሥቴ ይህን ስትሰማ፣ "ልጄን መንገድ በላት፤ አንተን ደግሞ ምንጣፍ በላህ" ብላ ቋሪት ወዳለው ወንድሟ ሄደች። ያን ሰሞን አለበል ሌላውን እያስተነፈሰ እሱ ታፍኖ ይውል ነበር።

በሰብለ ሁለተኛ ሙት ዓመት ንግሥቴ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። "ልጄ ስትሞት ምን አለችህ? ነግረኸኝ አታውቅም።"

አርባው ሰው ከየምንጣፉ ቀና አለ። አለበል እንደምንም አፉን ከፈተ።

"'አባዬ፣ አትቁም' አለችኝ። የያዘን ሰው አልነበረም፤ መኪናውን ያቆምሁት ፈርቼ ነው።"

ንግሥቴ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። አለበል አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሊነካት አልደፈረም።

ወደ ቋሪት አልተመለሰችም፤ ቤቷ ገባች። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። ቄሱም እስከ ዛሬ ደጃቸውን አልረገጡም።