ጣቴን የነፈግኩት እንጨት

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን በታች የተሠራውን የእንጨት ድልድይ እንድንረከብ ሽማግሌዎች ተጠርተን ነበር። ቦንጋ ዝናቡ አላባራም፤ ባጃጁ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ አደረሰኝ። ድልድዩ ጥቁር ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጎረምሳው ኢንጂነር ወረቀት ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልን» አለኝ። ጥቁር የተቀባ እንጨትና ወረቀት አንድ ላይ ሳይ ደሜ ይፈላል። ምክንያት አለኝ።

በጉብዝናዬ ሺሺንዳ አጠገብ፣ ለባቡር የሚሄድ እንጨት የሚከማችበት ግቢ ውስጥ ዘበኛም ተረካቢም ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። እንጨቱ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የሚሄደው በሱ ላይ ነው። ውሉ ጥቁር እንጨት ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ይሁን ይላል፤ ማንበብ ስለማልችል አንብበውልኛል። እንጨት የጫነ መኪና ሲመጣ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቴን አኖራለሁ፣ በቃ።

አንድ ቀን ቆጮዬን በጎመን በልቼ ስነሳ፣ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ የጠቆረ እንጨት መጣ። አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ያንኳኳና ማር መያዙን በድምፁ ያውቃል። እኔም እጄ ለምዶብኝ አንኳኳሁት። የባዶ ቀፎ ድምፅ ሰጠኝ። ብሳና! ብሳናን ንብም ይወደዋል፣ ምስጥም ይወደዋል።

«አልፈርምም» አልኩ።

የአቅራቢው ወኪል አቶ ታደለ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ፣ ለመሆኑ ባቡር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም። ብሳና ግን አይቻለሁ።»

ጫኞቹ ሲስቁ ፊቱ ቀላ። «የባቡር ድርጅቱ ኢንስፔክተር ይምጣ! ትባረራለህ፤ ስም በማጥፋትም ትታሰራለህ።»

ሁለት ቀን መኪናው በሩ ላይ ተገትሮ ዋለ። ሚስቴ አስካለ ምሳ ይዛ መጥታ፣ «ጣት እኮ ነው፤ ብታኖረው ያልቅብሃል?» አለችኝ። «ባቡሩ ሲገለበጥ ሰው የጨረሰው ይሄ ጣት ነው ይባላል» አልኳት። ምሳውን አስቀምጣ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ኢንስፔክተሩ መጣና፣ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መጥረቢያ ይስጡኝ። የጥቁር እንጨት ልቡ ቀይ ነው። ቀይ ከወጣ ለፖሊስ ይስጡኝ።»

አቶ ታደለ «የድርጅት ንብረት አይቆረጥም!» እያለ ሲጮህ፣ እኔ መጥረቢያውን ተቀብዬ አንዴ አሳረፍኩበት። ፍላጩ እንደ ቆጮ ነጭ ሆኖ ወደቀ። ኢንስፔክተሩ አንስቶ አሸተተው። «አንረከብም፤ መልሱት» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ከኔ ጋር ትሄዳለህ።»

እንዲህ ሆነና ባቡርን አየሁት። እስከ ጡረታዬ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞርኩ እንጨት ሳንኳኳ፣ አጭበርባሪ ሳጋልጥ ኖርኩ። ያስፈራሩኝ ብዙ ናቸው። ያስፈረመኝ ግን የለም።

እና ያን ድልድይ በከዘራዬ አንኳኳሁት። ድምፁን አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሌሎቹ እኮ ፈርመዋል።»

«እንግዲያው እነሱ ይሻገሩበት። አንተ መጥረቢያ አምጣ።»

መጥረቢያ የለም አለኝ። ትናንትም፣ ዛሬም ወርጄ ጠየቅሁ፤ የለም። ስሜን መጻፍ በእርጅናዬ ተምሬአለሁ፤ የተማርኩት ግን የትም ላኖረው አይደለም። ነገ መጥረቢያ ከቤቴ ይዤ እወርዳለሁ።