ከጉልበት እስከ ሚስማሩ

ማንበብ የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በቀበሌው አዳራሽ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለ፣ ሀ ሁ ስል ከረምኩ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። እንደ ድሮዬ ማይም ብሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን ልፈርምበት የቀረበልኝን ወረቀት አንዱ አንብቦ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ሰምቼ እደነግጥ ነበር።

ግንበኛ ነኝ። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ድንጋይ ያልጠረብኩበት ሰፈር የለም። የራሴ ቤት ግን የጭቃ ነው። ከቀሃ ወንዝ የሚለየን አንድ ቀጭን መንገድና የጎረቤት አጥር ብቻ ነው። የኋላው ግድግዳ ሆዱን እየነፋ ስለመጣ በድንጋይ ልተካው አስቤ፣ ከሰው ሥራ የተረፈውን ድንጋይ ለዓመታት ከጓሮ ሳጠራቅም ኖሬያለሁ።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ገባብን። እውነቱን ልናገር፤ የደረሰው ጉልበቴ ድረስ ነው። የአልጋውን እግር አረጠበ፣ የእህሉን ጆንያ ከታች አበላሸ፣ ወጣ። ደለሉን በአካፋ ጠርገን ኑሯችንን ቀጠልን።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረች ውኃው የት እንደደረሰ ልትለካ ነው ተባለ። የከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሊታደስ ነው፤ ጎርፍ የሚያሰጋው ቦታ በካርታ ላይ በቀለም ይለያል። ወሬው እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን ሌላ ሆኖ ደረሰ። ቤቱ ብዙ የሰጠመበት ሰው በጠዳ በኩል ሜዳ ላይ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል ተባለ። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ያላመነም አልነበረም። እኛ ዘንድ መንግሥት ከብት ሲቆጥር ይቀነሳል፣ ጉዳት ሲቆጥር ይጨመራል። አባቶቻችን ያወረሱን ብልሃት ይኸው ነው። ካርታ ሲሠራ ምን እንደሚባል ግን አላስተማሩንም።

የምትመጣ ዕለት ጠዋት ከወንዙ ዳር አንድ ባልዲ ጭቃ ቀዳሁ። ከኋላው ግድግዳ ላይ የገብርኤልን ሥዕል አወረድኩ። ሥዕሉ የተሰቀለበት ሚስማር የሚደርሰው ደረቴ ላይ ነው። ጭቃውን አቅጥኜ እስከ ሚስማሩ ቀባሁት። እጄ የግንበኛ እጅ ነው፤ ጎርፍ ራሱ የቀባው አስመሰልኩት። ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና፣ ውኃው እዚያ ደርሶ ሥዕሉን ካልነካው ተአምር ነውና ለደብሩ እንንገር ወይ ብላ አላገጠችብኝ። ሥዕሉን ከአልጋ ሥር ሸሸግሁት።

ከእኛ ከፍ ብሎ፣ አጥር ለአጥር፣ ድጓ ያስተማሩ አንድ የኔታ አሉ። ባለሙያዋ እሳቸው ዘንድ ስትጠይቅ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። ደጃፌን አርጥቦ ተመለሰ፣ ከዚያ በላይ ብል ሐሰት ይሆንብኛል አሏት። እኔና ከእኛ በታች ያለው፣ እንደ እኔው ግድግዳውን የቀባው ልብስ ሰፊ ተያይተን ሳቅንባቸው።

ባለሙያዋ ገባች። ልጅ እግር ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገር። ሜትሯን ከወለሉ እስከ ሚስማሩ ዘረጋች፣ እኔን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እውነት እዚህ ድረስ ነው ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ አዎ አልኳት። ቅጹን ላንብብልዎት ስትል ተቀየምኩ። እኔው አነባለሁ ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ባለቤቴም ጎረቤትም እየሰማ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት ተወጣሁት። «ከፍተኛ ስጋት ባለበት ቀጠና አዲስ ግንባታም ሆነ የነባር ቤት እድሳት አይፈቀድም» የሚለውን ከነነጥቡ አነበብኩ። ልቤ ሁሉ ፊደሉ ላይ ነበር፤ ነገሩ በጆሮዬ አልፎ ሄደ። ለጣት አሻራ ያመጡትን ቀለም ገፋ አድርጌ በስክሪብቶ ፈረምኩ።

ካርታው የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ከእኔ ቤት ወደ ታች ሁሉም ቀይ ነው፤ ቀይ ያ ያነበብኩት ከፍተኛ ስጋት ነው። የየኔታ ቤት ቢጫ ነው፤ ቢጫ የደረሰው ሰው መሠረቱን ከፍ አድርጎ መሥራት ይችላል። መሠረቱን ማን ሠራላቸው? እኔ። ቀኑን ሙሉ የእሳቸውን ድንጋይ ስደረድር፣ ቀና ባልኩ ቁጥር የራሴ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ያየኛል። ቤቱን ልሽጥ ብል ቀይ የሚገዛ የለም። ምትክ ቦታ ስል፣ መጀመሪያ የወንዙ ገደል አፍ ላይ ያሉት ይነሳሉ፣ እናንተ በተራ ተባልን። ተራው ስንተኛ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በመጨረሻ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ። ዋሽቼ ነው፣ ጉልበት ድረስ ነበር አልኳት። ፋይሉን አውጥታ ፊርማዬን አየችው።

«አያ፣ ያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር» አለች። «አሁንስ እንደማይዋሹኝ በምን አውቃለሁ?»

ያም ሆኖ አልጨከነችብኝም። ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ልኬቱ ትክክል አልነበረም ብለው ከፈረሙ እንደገና ሊለካ ይችላል አለችኝ። በደስታ እግሬ መሬት ሳይነካ ልብስ ሰፊው ዘንድ ደረስኩ። መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«ምነው አንተ» አለኝ። «ምትኩ ሊደርሰን ሲል ቤታችንን ልታደርቀው ነው?»

ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ውሸቱን የጀመርነው በአንድ ላይ ነው፤ ልተወው ስል ብቻዬን ቀረሁ።

ግንቦት ላይ ከግድግዳው አንድ ቁራጭ ተገምሶ አልጋው ላይ ወደቀ። ዘንድሮ ክረምቱን እንደማይችል ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። ደንብ አስከባሪዎቹ በየሳምንቱ በጓሮው መንገድ ያልፋሉ፤ ከውጭ አዲስ ድንጋይ ካዩ ያፈርሱታል። ስለዚህ ከውስጥ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን ድንጋይ ከጓሮ በጆንያ እያስገባሁ፣ ከጭቃው ግድግዳ ፊት ለፊት ሌላ ግንብ ማቆም ያዝኩ። ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ያው ነው። ከውስጥ በአንድ ክንድ ጠበበ። አልጋው በርዝመቱ አልገባ ስላለ ከእግሩ በኩል ቆረጥኩት፤ እኔ ጉልበቴን አጥፌ እተኛለሁ።

ግንቡ ሚስማሩ ዘንድ ሲደርስ ባለቤቴ ሥዕሉን እንደታቀፈች መጣች። ሚስማሩን ልንቀለው ወይ አልኳት። እዚያው ይቅር አለችኝ። የቀባሁት ጭቃ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር፤ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ። ድንጋዩን አስጠግቼ ከነሚስማሩ ደፈንኩት።

«ስንት ክረምት ይይዛል?» አለችኝ።

«እኔንና አንቺን ይቀብራል» አልኳት፤ ሥራዬን አውቃለሁ።

የጠበበውን ቤት ዙሪያውን አየችና ሥዕሉን መልሳ ከአልጋው ሥር አስገባችው።