ቀዩን ቀለም የለየችው ትሩፋት

የመካኒሳ ነዋሪ ሁሉ፣ ጆሮህን አቅና። ትሩፋት የተባለች የአርባ ስድስት ዓመት የኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ሹመት የማታውቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ የገጽ ቅንብር እመቤት መሆኗ ታውጇል። አዋጁን የሚቃወም አቶ ገሠሠ ብቻ ነው፤ እሱም እስኪደክመው እንዲቃወም ተፈቅዶለታል።

ገሠሠ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። ትሩፋት አሥራ አራት ዓመት ገጽ አቀናብራለታለች፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ ግን «የገጽ ቅንብር፦ ገሠሠ» ይላል። ሰውዬው ኮምፒውተር የሚያጠፋው ከሶኬት ነቅሎ ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ የኔም ስም ይግባ» ብትለው አባረራት። መሸኛ ብሎም ከመጋዘን አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር አሸከማት።

«ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው» አላት በሠራተኛው ፊት። «እንዳንቺው ጊዜው ያለፈበት። ትግባባላችሁ።»

ሠራተኛው ሳቀ። እሷም ቂሙንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ ተሸክማ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ የሀና ማርያም ሰፈር አንድ የጽዋ ማኅበር የጸሎት መጽሐፍ ሊያሳትም ተነሣ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ገብረ መድኅን ለትሩፋትም ለገሠሠም «ናሙና አምጡ፤ የተሻለው ያቀናብራል፣ ስሙም ይጻፍለታል» አሏቸው። የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚታተመው፤ ማተሚያ ማሽኑ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻው ስለሚያትም፣ ቀዩ በፋይሉ ላይ ከጥቁሩ ተለይቶ መውጣት አለበት። ትሩፋት የሚገዛውን የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አቅሟ ስለማይችል ነጻዎቹን እያወረደች ፈተነች። ሊብረ ኦፊስ በአሮጌ ስሪቱ ተጫነ፤ ለመተየብ ወርቅ ነው፣ ቀለም መለየት ግን ሥራው አይደለም። ላቴክ ገጽ ያሳምራል፤ ሁሉ ነገር በትእዛዝ ስለሚጻፍ ግን አቶ ገብረ መድኅን አንዲት ነጥብ ባረሙ ቁጥር ሁሉን እንደ አዲስ ማስኬድ ነው። የስክራይበስ አዲሱ ስሪት ኤክስፒን አላውቅህም አለ፤ አሮጌው ገባ። እንደ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ይንቀራፈፋል፤ ቀዩን ግን ለብቻው አወጣላት።

ገሠሠስ? አቀናባሪዋን አባሯል። ራሱ ተቀመጠና «ማርያም» የሚለውን ቃል ሁሉ ፈልጎ እንዲያቀላ ማሽኑን አዘዘ። ማሽን ታዛዥ ነው። የኅትመቱን ወጪ የረዳው ሥጋ ቤት ማስታወቂያም ሳይቀር ቀላ፤ «ኪዳነ ማርያም ሥጋ ቤት»።

አቶ ገብረ መድኅን መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ አድርገውም አዩ።

«ገሠሠ፣ ቁርጡን ልንሳለመው ነው?»

ሥራው ለትሩፋት ተሰጠ። በማግስቱ ገሠሠ ደጃፏ ላይ ተገኘ።

«ትሩፋትዬ፣ እህቴ አይደለሽ? አብረን ብንሠራው፣ ስማችን ጎን ለጎን ቢሆን...»

«ጎን ለጎን አይሆንም ጋሼ» አለችው። «ኤክስፒ ነው፤ አይችልም።»

መጽሐፉ ወጣ። መጨረሻው ላይ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ «የገጽ ቅንብር፦ ትሩፋት፤ አቶ ገሠሠ ጊዜው አልፎበታል ብለው በጣሉት ኮምፒውተር»። አሁን ሰውዬው ከቤት ቤት እየዞረ «እስቲ ላንብባት» እያለ መጽሐፉን ይዋሳል፤ የተዋሰውን ግን ለማንም መልሶ አያውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ከጎንዎ ተቀምጦ መጽሐፍዎን ቢለምንዎ አይከልክሉት። ብቻ ከመስጠትዎ በፊት የመጨረሻዋን ገጽ ይግለጡና፣ በር ላይ ለቆመው ረዳት በሚሰማ ድምፅ፣ እባክዎ ያንብቡለት።