ከአማቴ ጋር ተቋጥሬ ፍርድ ቤት የሄድኩ ዕለት

ዛሬ የሴት ልጅ ግርዛት በሕግ ያስቀጣል። ይህ በሬዲዮ በተነገረ ቁጥር ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም፤ ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ። እኔ ይህን ሕግ የፈለግሁት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ አልነበረም።

ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ እንኖር ነበር። ባለቤቴ የጭነት ማኪና ሾፌር ስለሆነ እኔ ስወልድ እሱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ እንደ አገሩ ልማድ በስምንተኛ ቀኗ ተገረዘች። ደሙ አልቆም አለ፤ ቀበርናት። ሰው ሁሉ ዓይን በላት አለ። ጨርቋን ያጠብሁት እኔ ነኝና ምን እንደበላት አውቃለሁ።

ሁለተኛዋን ስወልድ አማቴ ሊያርሱኝ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ገንፎውን በእጃቸው ያጎርሱኛል፣ ወገቤን በቅቤ ያሹኛል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ልጄን ተዉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ “ያለ ግርዛት ማን ያገባታል?” ብለው አነሡኝ። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ገራዧን ይዘው ገቡ። ገራዧ ምላጯን ከመቀነቷ ፈትታ ልጄን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ልመናውም ልቅሶውም አልቆብኝ ስለነበር ከአፌ የወጣው “በሕግ አምላክ!” የሚል ጩኸት ነበር።

ያን ጊዜ ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። የሚሮጥ ሌባ እንኳ ሲሰማው ይቆማል። ገራዧም እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ምላጯን መልሳ ጠቀለለችና “እኔ ዳኛ ፊት አልቆምም፤ ስትጨርሱ ጥሩኝ” ብላ ወጣች።

አማቴ ግን በሙግት ያደጉ ባላገር ናቸው። “ሸጋ! ሕግ ካልሽማ ሕጉን ታሳዪኛለሽ” አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ወደ ዳኛ መሄዳቸው የድሮ ልማድ ነው። ከተማው ከተወው ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ወሬው አልደረሳቸውም። አራስ ከደጅ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ወጣሁ። ልጄን ታቅፌ፣ እርኩስ መንፈስ እንዳይጠጋን ቢላዋ መቀነቴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ ከአማቴ ጋር ተቋጥሬ ፒያሳን አቋረጥኩ። ባለሱቁ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ያየናል። አማቴ በአንድ እጃቸው ፀሐይ እንዳይመታኝ ይከልሉልኛል፣ በሌላው ይጎትቱኛል። እኔ እንዲህ ያለ ሕግ ይኑር አይኑር የማውቀው ነገር የለም።

ዳኛው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነበር። “ምነው አራስ ይዛችሁ ወጣችሁ?” አለ።

“ጌታዬ፣ ምራቴ በሕግ አምላክ ብላ የልጄን ልጅ ግርዛት አስቁማብኛለች። ሕጉን ታሳየኝ” አሉ አማቴ።

ወደ እኔ ዞረ። “የትኛው ሕግ ነው?”

“ሕጉ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው እንጂ ጌታዬ፣ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?”

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። ያኔ አዲስ የነበረውን የወንጀል ሕግ ገልጦ አነበበ፣ ገለጠ፣ ደግሞ አነበበ። ስለ መግደል አለ፣ ስለ ማቁሰል አለ። “ስለ ግርዛት የሚል የለም” አለ በመጨረሻ። አማቴ ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ።

“ፊተኛዋ በዚሁ ሞታብኛለች!” አልኩ። ጮኼ ይሁን አንሾካሹኬ አላውቅም።

ዳኛው ልጄን አያት። “ስሟ ማን ነው?”

“ገና ክርስትና አልተነሣችም” አሉ አማቴ።

“ስም የሌላት ልጅ ጉዳይ እንዴት ይጻፋል? ክርስትና ስትነሣ ስሟን ይዛችሁ ቅረቡ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።”

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። አማቴ ሕግ አለመኖሩን ከዳኛ አፍ ስለሰሙ ደስ ብሏቸው ቀኑን ይጠባበቁ ጀመር። እኔ ግን አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ። እያጠባሁ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ የምሄድበት ይጠፋኛል። ወደ አዘዞ ልሽሽ እላለሁ፤ ማን ዘንድ? በር ሲንኳኳ ገራዧ ትመስለኛለች። አማቴ ልጄን ሲያጥቡ እጃቸውን አያለሁ። “ምነው ዝንብ እንደወረራት በቅሎ አላርፍ አልሽ?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አላረፍኩም።

ልጄ የተጠመቀች ዕለት፣ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳንወጣ፣ አማቴ የንስሐ አባታችንን ጠጋ አሉ። “አባ፣ እንግዲህ ስሟን ለዳኛው እንነግርና ግርዛቷን እንጨርስ” አሉ።

“ከተጠመቀች በኋላ?” አሉ ቄሱ ደንግጠው። “ግዝረት ከጥምቀት በፊት ነው እንጂ! በተጠመቀ ገላ ላይ ምላጭ አይሳብም። ምነው ቀድመሽ አልጠየቅሽኝም?”

አማቴ ባሉበት ቆመው ቀሩ። “ዳኛው!” አሉ። “ያ ዳኛ ተጫወተብኝ!” አውቆ ያደረገው ይሁን፣ ወይም የስሟ ነገር እውነት አስቸግሮት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እልል ልል አፌን ከፍቼ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር።

ልጄን እንደታቀፉ ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ሳትገረዝ ያደገች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ።

“አላየሁም።”

“እኔም አላየሁም። እናቴም አላየችም። ታዲያ ይህችን እንዴት አድርገን ነው የምናሳድጋት?”

“አላውቅም፣ እማማ” አልኳቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጅቱ እግሯን ታወራጫለች። ከዘራችን እንደ ተፈጠረች የቀረች የመጀመሪያዋን ሴት ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።