ሰባት ብሎን

«አንቺ እኮ መፍታት እንጂ መግጠም አታውቂም።»

ይህን ያለኝ የምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ባለቤት ነው፤ በሐሜት አይደለም፣ ፊት ለፊት፣ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ። ውሸት ቢሆን እንኳን ጥሩ ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ባዶ የማር ጠርሙስ አለ። እኔ ጠግኜ ከመለስኳቸው ላፕቶፖች የተረፉ ብሎኖች የሚጠራቀሙበት ነው። ሰው እንዲያየው ብሎ ያስቀመጠው እሱ ነው። «በእሷ እጅ ያለፈ ላፕቶፕ ሁሉ ክብደት ይቀንሳል» ይላል ለመጣው ሁሉ፤ «ጂም ክፈቺ ብያታለሁ።»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም፣ ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ይህ ሱቅ ውስጥ የገባሁት ለአንድ ወር ብዬ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የተዘጋ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ከፍቼ ውስጡን ካየሁ፣ ችግሩ የት እንዳለ ካወቅሁ በኋላ ግን መልሶ መዝጋቱ ይሰለቸኛል። ይኸው ነው ጥፋቴ።

ያን ቀን ቆሞ ይሰማ የነበረው ደንበኛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ታጥቦ የነጣ የስኳር ጆንያ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሲገልጡት ኪቦርድ የሚመስል ነገር ወጣ። ኪቦርድ ግን አይደለም፤ ከኋላው እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሮ ወደ ፊት ይሳሳል፣ ቀለሙም ሻይ ጠብ ያለበት ወተት ይመስላል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ነው» አሉ። «ድሮ እንዲህ ነበር፤ ኪቦርዱም ሆዱም አንድ ሳጥን። ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተሽ ትሠሪበታለሽ።»

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የኖሩ ጡረተኛ ቶርኒተር ናቸው፤ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹ ማለት ነው። ማሽኑን አንድ ፈረንጅ መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ባለቤታቸው ደግሞ ጸሐፊ ነበሩ፤ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ታይፕ ያስተማሩት በዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ውስጡ ተቃጠለ።

«አባባ፣ ይሄ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለ አለቃዬ። «አዲስ ኪቦርድ እሰጥዎታለሁ፤ ከቴሌቪዥንዎ ጋር አብሮ ይሠራል።»

«ገዝቼላት ነበር።» ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ሆናለች። ድምፅ የላትም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በእስክሪብቶ የጻፈችውን እሷም አታነበው። ስልክ ስሰጣት አንድ ፊደል ስትነካ አራት ይጽፋል። አዲሱ ኪቦርድም እንደዚያው፣ ላባ ነው፤ እጇን ስታሳርፍበት አንድ መስመር ሙሉ ‹ኤ› ‹ኤ› ‹ኤ› ይላል። ይሄኛው ግን ጠንካራ ነው። ካልተጫኑት አይወርድም።»

«ታዲያ ምን እናድርግልዎ?»

«ሆዱን አዲስ አድርጉልኝ። ሳጥኑና ቁልፎቹ ይቆዩ። ሳጥኑ ግን አይቆረጥ፣ አይበሳ። የተቆረጠ ነገር አይመለስም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ለምን ወደ እኔ እንደሆነ እንጃ። «ስምንት ወር አልተጣላንም፣ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ። ሰው ከሚስቱ ጋር ስምንት ወር ሳይጣላ ይኖራል? በእጇ ታሳየኛለች፣ አይገባኝም። ትናደድና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አሁን አሁንማ ማሳየቱንም እየተወችው ነው።»

አለቃዬ አፉን ለ«አይቻልም» ሲያዘጋጅ እኔ «እሠራዋለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ሲወጡ «የሰውዬውን ቅርስ ፈትተሽ በጠርሙስ እንዳትመልሺላቸው» አለኝ አለቃዬ።

ሳጥኑን ገልብጬ ሰባቱን ብሎኖች ፈታሁና እንደ ልማዴ አንድ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ጣልኳቸው። የሳጥኑን ሽፋን አነሳሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ እጄን ሳላስገባ ዝም ብዬ አየሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ውስጥ አይቼ አላውቅም። እኛ ጋ የሚመጣ ላፕቶፕ ሲከፈት ፀጉር፣ የቆሎ ፍርፋሪ፣ አንዳንዴም የሞተ በረሮ ነው የሚወጣው። ይሄ የብናኝ ምልክት የለበትም። የተቃጠለው የድሮ ሰሌዳ እንኳን ጥቁረቱ ተጠርጎ፣ እንደተገነዘ ሰው ተስተካክሎ ተኝቷል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ስፕሪንግ ፋብሪካ የሠራው አይደለም፤ በእጅ ከሽቦ የተጠመጠመ ነው፣ ከስልሳ በላይ። ሁሉም እኩል። አንዱን አውጥቼ ከሌላው ጋር አስተያየሁ፤ የዙራቸው ቁጥር አንድ ነው። ሰሌዳው የሚያርፍባቸው የፕላስቲክ እግሮች ተሰብረው ኖሮ በነሐስ ተተክተዋል፤ የእህል ፍሬ የሚያካክሉ የነሐስ ምሰሶዎች፣ በቶርኖ የወጡ፣ ጫፋቸው እንደ ቀለበት የለሰለሰ። የሸንኮራ መጭመቂያ ብረት ሲቀርጽ የኖረ እጅ ይህንንም ሠርቷል። ማንም ለማያየው ቦታ።

ስልክ ደወልኩላቸው። «አባባ፣ የማይሠራ ማሽን ለምን ያጸዳሉ?»

«ክረምት ክረምት ፋብሪካው ቆሞ ይፈታል አይደል? ሁሉ ነገር ወጥቶ፣ ተጠርጎ ይገባል። እኔም እቤት ያለውን እፈታለሁ። ልማድ ነው።»

ሆድ ፍለጋ ገባሁ። ስክሪኑ የተሰበረ፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ላፕቶፕ ነበረን፤ የእሱን ማዘርቦርድ አወጣሁ። ሳጥኑ ላይ ሳስቀምጠው በሁለት ጣት ይረዝማል። አዞርኩት፣ አይሆንም። አቆምኩት፣ አይሆንም። ሦስተኛው ቀን ላይ ተናድጄ ገልብጬ ወረወርኩት፤ እውነቴን ነው፣ ወረወርኩት። ሰያፍ ሆኖ ወደቀና ተቀመጠ። የቴሌቪዥኑ መሰኪያ ከድሮው መሰኪያ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ፋኑ ከኋላ ካሉት ቀጫጭን የአየር ማስወጫዎች ሥር። ያ ሳጥን ሲሠራ እኔ ቀርቶ ይሄ ማዘርቦርድም በማንም ሐሳብ አልነበረም። ግን ቦታ ጠብቆለታል። «ና እየው!» ብዬ አለቃዬን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ መሰኪያውን በጣቱ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ያለ ቀልድ መመለሱ ለእሱ ብዙ ነው።

ከዚያ ቁልፎቹ። የድሮዎቹ ቁልፎች አዲሱን ማዘርቦርድ አያውቁትም፤ መካከላቸው የሚያስተረጉም አውራ ጣት የምታክል ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣን። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ፊደል እንደሚመጣ ግን ካርዷም አታውቅም። በቴስተር አንድ በአንድ እየነካሁ፣ እየጮኸልኝ፣ በካርቶን ላይ ጻፍኩ። ፈተና ላይ እንዲህ ተቀምጬ ቢሆን የት በደረስኩ። በመጨረሻ ሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼ «ኤ»ን ተጫንኩ። ጠንካራ ነው፤ ጣቴ ወረደ፣ ጠቅ አለ፣ ተመልሶ ገፋኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ «ኤ» ቆመች። አንድ ብቻ።

መዝጋት ቀረኝ።

አንዱን ብሎን አስገባሁ፣ ገባ። ሁለተኛው እየዞረ አይነክስም። ሦስተኛው ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። በካቻቪቴ ገፋ ሳደርገው ሳጥኑ ሲጥ አለ። እጄን አነሳሁ። ቀያየርኳቸው፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል። ሁሉም ዓይነታቸው አንድ ነው፣ ርዝመታቸው አንድ ነው፣ ግን አንዱ ወፈር ይላል፣ አንዱ ቀጠን። ቀኑን ሙሉ ታገልኩ። በማግሥቱም።

«አላልኩሽም?» አለ አለቃዬ። «ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስፊና በትልቅ ብሎን እሰሪው። ማን ያይብሻል? ከሥሩ ነው።»

መሰርሰሪያውን አነሳሁ። አዎ፣ አንስቻለሁ። ጫፉን ቀዳዳው ላይ ሳሳርፍ እነዚያ ማንም የማያያቸው የነሐስ ምሰሶዎች ታወሱኝ። አስቀመጥኩትና ስልኬን አነሳሁ።

«አባባ፣ አጥፍቻለሁ። ብሎኖቹን ደባልቄያቸዋለሁ። አይዘጋም።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ታዩኝ።

«ደባለቅሽ ማለት? አንድ ላይ አደረግሽው?»

«ክዳን ላይ።»

«ነጥባቸውን ሳታዪ?»

«የምን ነጥብ?»

«ዋይ ኢንተሎ!» ሳቁ። «ዓይንሽን ምን በላው? የፋብሪካ ዕቃ ምልክት ሳይደረግበት ይፈታል እንዴ? መብራት አምጪና እያቸው። ብሎኑንም ቀዳዳውንም።»

የስልኬን መብራት አብርቼ አጎነበስኩ። የብሎኖቹ አናት ላይ ዝገት የመሰሉኝ ነጠብጣቦች ነበሩ። ዝገት አይደሉም። በሹል ብረት ተመትተው የገቡ ነጥቦች ናቸው፤ አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሁለት፣ እስከ ሰባት። ሳጥኑን ስገለብጠው በየቀዳዳው ጠርዝ፣ ቁንጫ የማታክል፣ እነዚያው ነጥቦች። አንድ። ሁለት። አምስት።

«ፕላስቲክ ይበላል» አሉኝ በስልክ፤ ድምፃቸው እንደ አስተማሪ ሆኗል። «አንዱ ቀዳዳ ቶሎ ይሰፋል፣ አንዱ ይዘገያል። በሰፋ ቁጥር ለእሱ ልክ የሆነ ብሎን አወጣለታለሁ። ከዚያ በኋላ የእሱ ነው። የሌላ ቤት አይገባም።»

አንዱን በአንዱ፣ ሁለቱን በሁለቱ አድርጌ ማሰር ጀመርኩ። ካቻቪቴውን በሁለት ጣቴ ብቻ ነበር የያዝኩት። እያንዳንዱ ያለ ድምፅ ገብቶ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተጠጋግቶ ቆመ። ስንት ክረምት እንደወጡና እንደገቡ አሰብኩ፤ ሁሌ ወደየራሳቸው። ማሽኑ ሞቶም። ሰባተኛውን ስጨርስ ክዳኑ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲያ ያለ ባዶ ክዳን አይቼ አላውቅም።

አለቃዬ መጣ፣ ሳጥኑን አንስቶ ጆሮው ላይ ነቀነቀው። ምንም አይንኳኳም። የማር ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ጂሙ ተዘጋ ማለት ነው?» አለ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ጆንያውን አቅፌ የወንጂ ታክሲ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «ጆንያው ከላይ ይጫን» ሲለኝ «አንተ ራስህ ከላይ ተጫን» አልኩት። መንገዱን ሙሉ በሁለቱም በኩል ሸንኮራ ነው። ደመናው ከብዷል። ከመውረጃው በባጃጅ ሄድኩ።

ሽማግሌው በር ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው ውስጥ፣ አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው፣ አጥንታቸው የሚታይ ረጅም ሴት። «አካም ጅርቱ አዴ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። አገጫቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ማሽኑን ከጆንያው ሳወጣ ግን እኔን ትተው እሱን አዩ። በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። ገልብጠው ሥሩንም አዩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ አበራሁት።

ወንበራቸውን ሳቡ። ጀርባቸው ቀጥ አለ። ሁለቱም እጆች አየር ላይ እያሉ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ መንቀጥቀጡ አልጠፋም፤ ግን ስፕሪንጎቹ ተሸከሙት። ስክሪኑ ባዶ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ አንድ ጣት ወረደ። ጠቅ። ሌላው። ጠቅ። በኦሮምኛ ነበር የሚጽፉት፤ ሽማግሌው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ጮክ ብለው ያነባሉ።

«ፓፓያውን... ለምን... ቆረጥከው።»

ሽማግሌው ዞሩ። «የቱን ፓፓያ?»

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። «ዛፉን። ሆስፒታል ሆኜ። እኔ የተከልኩትን።»

«ፓፓያ አምሮሽ አይደለም እንዴ?» እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወደ ጓሮ ስታሳየኝ፣ ስታሳየኝ... በየሳምንቱ እኮ የምገዛልሽ!»

«ፓፓያ አልወድም። ዛፉን ነው የምወደው። ጥላውን።»

«ግድግዳውን ሊጥል ነበር!»

«ግድግዳው አንተን ጠየቀህ?»

«ጠይቆኛል! ሊወድቅ ነው እኮ የምልሽ፣ ስሚኝ—»

ሴትየዋ አልሰሙም። ይጽፉ ነበር። ጣቶቻቸው እየፈጠኑ፣ ስክሪኑ በመስመር በመስመር እየሞላ፤ ሽማግሌው ማንበብ አልደርስ ብሏቸው መሀል መሀሉን እየዘለሉ፣ እየመለሱ፣ እየተቆጡ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። ስምንት ወር ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ነው። ሸሚዛቸው አለበት፣ የጎረቤት ዶሮ አለበት፣ የመድኃኒቱ ሰዓት አለበት። ግድግዳው ጥግ ቆሜ መቀመጥ ረሳሁ።

በድንገት ጣቶቻቸው ቆሙ። ሴትየዋ በመስኮቱ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ቁልፎቹ ተመለሱ። ይህንን ሽማግሌው አላነበቡትም፤ ራሴ አነበብኩት።

«ዴሚ፣ ሂጂ ልጄ። ዝናቡ ሳይዝሽ ግቢ፤ በዝናብ ባጃጅ የለም።»

ካቻቪቴዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፣ ጆንያውን አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። አጥሩን ሳልፍ የቁልፎቹ ድምፅ እንደገና ጀመረ።