ዶኛ ኤደልሚራ የሊማን ሰዎች ገዳም ስታስጎበኝ

ዶኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኤደልሚራን ከከተማዋ ከአሬኪፓ ውጭ የተወለደ ሰው ሁሉ ያሳዝናታል፤ የዋና ከተማው የሊማ ሰው ደግሞ ያስቃታል። "ፀሐይ የማያውቅ ሕዝብ!" ትላለች ምግብ ቤቷ በር ላይ ቆማ። "ጉም ለብሶ ከርሞ እዚህ ይመጣና ሰማያችንን አፉን ከፍቶ ያያል።" ደንበኞቿ ይህን ስንት ዓመት ሰምተውትም እንደ አዲስ ይስቃሉ። ላልሳቀላት ሰው ሥጋ እንደምትቀንስ ያውቃሉ።

ጉድ ፈላና አንድያ ልጇ ሉስሚላ የሊማ ልጅ ወደደች። ልጁም ለቅዳሜና እሑድ እናቱን ይዞ ሉስሚላን ሊጠይቅ መጣ። ኤደልሚራ ባል የላት፣ ሌላ ልጅ የላት፤ ሉስሚላ ከሄደች ቤቱ ባዶ ነው። ይህን አውጥቶ መናገር ግን ከሞት በላይ ሆነባት። ስለዚህ የለመደችውን ንቀት መዘዘች።

ቅዳሜ ምሳ ላይ የሮኮቶ ስንግ አቀረበች። ሮኮቶ ቲማቲም የሚመስል ቃሪያ ነው፤ ፍሬው ወጥቶ፣ ውኃው እየተቀየረ ደጋግሞ ካልተቀቀለ እሳት ነው። የእንግዶቹን ሳትቀቅል ሞላችው። የልጁ እናት ዶኛ ኦርቴንሲያ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው ዶኛ፣ ሊማ ቃሪያም የለም እንዴ?"

"አለ እንጂ" አለች ኦርቴንሲያ እንባዋን እየጠረገች። "ለጠላት ነው የምናቀርበው።" ከዚያም እያለቀሰች ሳህኑን ጨረሰችው። ኤደልሚራ በጣም ተናደደች።

"ነገ ገዳሙን እኔ ራሴ አሳያችኋለሁ!" አለች።

ቤቷ ከሳንታ ካታሊና የሴቶች ገዳም ግንብ ብዙም አይርቅም። ስለ መነኮሳቱ ስታወራ አብራቸው የመነኮሰች ነው የምትመስለው። እውነቱን ለመናገር ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። የከተማው ሰው እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ቲኬት ቆርጦ ይገባል፣ ጎረቤቱ በግንቡ ጥግ ያልፋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

እሑድ ጠዋት ደረቷን ነፍታ ቀደመቻቸው። በገዳሙ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ቀዩ ግንብ ወደ ሰማያዊው ወሰዳት፣ ሰማያዊው መልሶ ለቀዩ አስረከባት። መነኮሳቱ ልብስ ያጥቡባቸው የነበሩት ጋኖች ጋ ደጋግመው ደረሱ።

"ዶኛ፣ እነዚህን ጋኖች ተሰናብተናቸው አልነበረም?" አለች ኦርቴንሲያ።

"ወደ ጸሎት ቤቱ በዚህ ነው!"

"ካርታው ከኋላችን ነው ይላል" አለች ኦርቴንሲያ በሩ ላይ የተሰጣትን ካርታ ገልጣ።

"ካርታውን የሊማ ሰው ሠርቶት ይሆናል!"

ሉስሚላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጁም ወደ ሌላ ዞሮ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኤደልሚራ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ አፏ ግን አላረፈም። "ሳቂ፣ ሳቂ! ድሮ ሴት ልጅ እንዲህ በግንብ ነበር የምትያዘው። እናቷ ካስቀመጠቻት ቦታ አትነቃነቅም ነበር። የዛሬዋን ግን አላፊ አግዳሚው ጎትቶ ይወስዳታል!"

ሳቁ ቆመ። ኦርቴንሲያ በካርታዋ እየመራች ወደ መውጫው አመጣቻቸው። በሩ አጠገብ መነኮሳቱ ዘመዶቻቸውን ያነጋግሩበት የነበረ ጨለም ያለ ክፍል አለ፤ መሐሉ በድርብ የእንጨት ርብራብ ተከፍሏል። ሉስሚላ ዞራ ከርብራቡ ወዲያ ገባች።

"እማዬ፣ ታዪኛለሽ?"

"ምኑን አይሻለሁ! ጉንጭሽ ይሁን አገጭሽ አልለየልኝም። ነይ ውጪ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።"

"እኔም አንቺን አላይሽም። የድሮ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲህ ነበር የሚጠይቁት። ሊማ ብሄድ ትመጫለሽ፣ እመጣለሁ፣ እንተቃቀፋለን። አስገድደሽ ካስቀረሽኝ ግን እዚያው ምድጃሽ ሥር ቁጭ ብዬ እንዲህ ነው የምታገኚኝ።"

ኤደልሚራ ስድብ ፈለገች። ለሊማ ጉም፣ ለሊማ ምግብ፣ ለሊማ ወንድ ያዘጋጀችው ሞልቷት ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም። ኦርቴንሲያ ልጇን ክንዱን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። ኤደልሚራ ጣቷን በርብራቡ ቀዳዳ አሾለከች። እንጨቱ ድርብ ነውና ልጇ ዘንድ አልደረሰም።

"ውጪልኝ ከዚያ" አለች። "ውጪልኝ ልጄ፣ ሂጂ።"