ታንከራችሁን ውሰዱ

የምንኖረው ከከተማው በስተሰሜን፣ ከተራሮቹ ማዶ ነው። ወላጆቼ ኮሪያታውን በሚባል የከተማው ሰፈር በአንድ ጠባብ አፓርታማ ለዓመታት ከቆዩ በኋላ፣ አቅማቸው የፈቀደው ቤት እዚያ ተገኘ። ሲገዙት የግቢውን ስፋት አዩ እንጂ የጋዝ ቧንቧ እዚያ ድረስ እንደማይደርስ ማንም አላሰበም። ከቤቱ ጀርባ ፕሮፔን ጋዝ የሚሞላበት ትልቅ ነጭ ታንከር አለ። ምድጃው፣ የቤቱ ማሞቂያና የውሃ ማሞቂያው የሚሠሩት ከእሱ በሚመጣው ጋዝ ነው። ታንከሩ የእኛ አለመሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ንብረቱ ጋዙን የሚያቀርበው ኩባንያ ስለሆነ ሌላ ኩባንያ ሊሞላው አይችልም። ቦቴው በፈለገው ቀን ይመጣል፣ ሳይጠይቀን ይሞላል፣ በሩ ላይ ወረቀት ሰክቶ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋ ካለፈው ጊዜ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም።

ጉዳዩ ከሁላችንም ይበልጥ የሚነካው እናቴን ነበር። እናቴ ከተማው ውስጥ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የባልትና ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ በርበሬና ሽሮ ትመዝናለች፣ ታሽጋለች። ጣቶቿ ላይ ቁርጥማት አለባት። በብርዱ ወራት ጠዋት ጠዋት ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ካልነከረቻቸው አይዘረጉላትም። ካልተዘረጉ ደግሞ እንኳን ሚዛን ላይ መሥራት፣ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍም አትችልም።

እኔ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል በሌለኝ ሰዓት ሱቁ ጓዳ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ። አባቴን የሚያውቅ አንድ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ሆኜ ነው። አባቴ አሁን ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ ቀድሞ ግን ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ሰውየውም የዚያን ጊዜ ባልደረባው ነው። አሁን የሌላ ጋዝ አቅራቢ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ከተራራው ማዶ ያሉትን የሐበሻ ቤቶች እየዞረ ያስፈርማል። እናቴን ሰላም ብሎ ሳይጨርስ፣ “ታንከራችሁ ከሩብ በታች ወርዷል አይደል?” አላት። እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከቤታችን ጀርባ ያለውን መለኪያ ማን አነበበለት?

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሰውየው ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘን። ስንጨርስ ከአባቴ ጋር ለሒሳቡ ተናነቁ፤ ለካ ሰውየው ገና ሳንቀመጥ ለአስተናጋጇ ከፍሎ ኖሯል። አባቴ ደስ አለው። እኔ ደግሞ ሊሸጥ የመጣ ሰው የምሳውን ሒሳብ ቀድሞ የሚከፍለው ለምን ይሆን እያልኩ ነበር። ከዚያ ከቦርሳው አራት ገጽ ውል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገና የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ወሰድኩና ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። አባቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካኝ፤ ወረቀቱንም ከእጄ ወስዶ አጠፈውና ቤት ሄደን እንነጋገርበታለን ብሎ ሰውየውን አመሰገነ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ተቆጣኝ። “ሰው ፊት ወረቀት ይነበባል? ሌባ ነህ እያልሽው እኮ ነው።”

መጠንቀቄ ነው አልኩት።

“ጥንቃቄውን ለፈተናሽ አድርጊው” አለኝ።

ቢሆንም ውሉን ሁለት ቀን ወስጄ አነበብኩት። አባቴ በቃል የነገሩትን ስለማይሰማ ያገኘሁትን ደብተር ላይ በጥሩ ጽሕፈት በአማርኛ ገለበጥኩለት። ውሉ የአምስት ዓመት ነው። ሰውየው የነገረን ዋጋ ለአንደኛው ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው በገበያው መሠረት ይወስናል ይላል፤ የትኛው ገበያ እንደሆነ ግን አይናገርም። ቀድመን ብንወጣ የተረፈው ጋዝ የሚቀዳበትንም ታንከሩ የሚነሳበትንም የምንከፍለው እኛ ነን። ሁለት ወር ቀድመን በጽሑፍ ካላሳወቅን ደግሞ ውሉ ራሱን ያድሳል። የድሮውንም ኩባንያ ውል ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት፤ ከአጻጻፉ በቀር ልዩነት አልነበረውም። አባቴ ደብተሩን አነበበና፣ “ሶ ሁለቱም ያው ናቸው፤ በይ የድሮዎቹን እናስፈራራቸው” አለ።

አባቴ በመደራደር ይኮራል። መኪናችንን የገዛው የመጨረሻ ዋጋውን ተናግሮ፣ ጀርባውን አዙሮ ከሄደ በኋላ ሻጩ ከኋላው ጠርቶት ነው። ወንበርም አልጋም እንደዚሁ ነው የገዛው። በየትኛውም ቦታ ሻጭ የሚለሰልሰው የገዢውን ጀርባ ሲያይ ነው ብሎ ያምናል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ለድሮው ኩባንያ ደወልን። ከልጅነቴ ጀምሮ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። የምለውን እንዳለ ተርጉሚ፣ አትጨምሪ አትቀንሺ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ያነሳችው ሴት ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። አባቴ ዋጋው እንዲቀንስ፣ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያም እንዲበጅለት ጠየቀ። እሷ ይህን ለማድረግ ሥልጣን እንደሌላት ተናገረች። አባቴ ጠቀሰኝ።

“እንግዲያው ታንከራችሁን ውሰዱ በያት።”

“የእውነትህን ነው?”

“በያት።”

አልኳት። ከወዲያ የኮምፒዩተር ቁልፎች ድምፅ ተሰማ። ባለውሉ ራሱ ማረጋገጥ አለበት አለች። አባቴ ነገሩ የጦዘለት መስሎት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ “የስ” አለ። ሴትዮዋ ለእስካሁኑ ደንበኝነታችን አመስግናን ዘጋች።

“አየሻት? ደነገጠች። ነገ ራሳቸው ይደውላሉ” አለ አባቴ።

የሰማሁት የድንጋጤ ድምፅ እንዳልነበረ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እያስተረጎምኩ ሳለ ቆም ብዬ፣ አባዬ፣ እዚህ አገር ሰው ጀርባውን ሲያዞር አይጠሩትም ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። የታዘዝኩትን በትክክል ተርጉሜ ጎበዝ መባልን ፈለግኩ።

ማንም አልደወለም። በሳምንቱ የመጣው ደብዳቤ ነው፤ ታንከሩ የሚነሳበት ቀን ተቆርጧል። አባቴ ይኼም ማስፈራሪያ ነው ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ከጀርባው ግን ምንም አልተጻፈም። ብቻዬን ስደውል፣ የታንከሩን መነሳት ካንስል ማድረግ የሚቻለው ከበፊቱ በባሰ ዋጋ አዲስ ውል ከፈረምን ብቻ ነው አሉኝ። የቀረን ያ ሰውዬ ነበር።

ወላጆቼን አስቀምጬ ታንከሩ ሊነሳ መሆኑን ለሰውየው እንዳትነግሩት፣ ሌላ መሄጃ እንደሌለን ካወቀ አንዲት ቃል አያሻሽልልንም አልኳቸው። እናቴ መቀነቷን መነካካት ጀመረች።

“ነግሬዋለሁ እኮ። በርበሬ ሊገዛ መጥቶ ነበር።”

የመለኪያውንም ነገር ጠየቅኳት። እሱንም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ስታወራ ጋዙ ሊያልቅ ነው ብላ እንደነበር ትዝ አላት። ጥርጣሬዬ ግማሹ የገዛ እናቴ ወሬ ሆነ። ግማሹ ግን ባሰበት፤ ሰውየው አሁን ሁሉን አውቆ ዝም ብሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ ጊዜ እዚያው ምግብ ቤት ተገናኘን። ጠዋት ለአባቴ፣ ተቆጣኝ አልቆጣኝ፣ ዛሬ ውሉን ሰውየው ፊት አነብበዋለሁ ብዬው ነበር። ሻዩ እንደቀረበ ውሉንና ደብተሬን ዘረጋሁ።

“ጋሼ፣ ከአንደኛው ዓመት በኋላ ዋጋው ምን ይሆናል?”

“ያው ነው፤ አይጨምርም።”

“ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።”

“የቱ ጋ?”

ወረቀቱን አዙሬ በጣቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ዓይኑ ግን ከመስመር ወደ መስመር አይሄድም፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። አባቴም እንዳየው ከፊቱ አወቅኩ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አጠፈ።

“አንብቢልኝ” አለኝ። በእንግሊዝኛ ስጀምር አቋረጠኝ። “በአማርኛ።”

አራቱንም ገጽ አነበብኩለት። የአምስት ዓመቱን ደገምኩለት። ስለ ታንከር ማንሻ ክፍያ የሚለውን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ እስካሁን አሥራ አንድ ቤት ማስፈረሙን ነገረን፤ ሥልጠናው ላይ በቃል ብቻ ነው የነገሩን አለ። እንግሊዝኛ መናገሩን አጥርቶ ይናገራል፤ “እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ግን…” ሲል ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። አባቴ ሻዩን ወደ ሰውየው ገፋ አደረገለት። እኔ ማዘን ነበረብኝ፤ ሆኖም በውስጤ ይኼ ደግሞ ሌላው ዘዴው ቢሆንስ የሚል ነገር ነበር። አሁንም ሳስበው በዚያ ሐሳቤ አፍራለሁ፤ ግን ነበረ።

ጥያቄዎቻችንን ጻፍንለት። ዋጋው ለሦስት ዓመት ጣሪያ ይኑረው፤ ስንጠራ ብቻ ይሞላ፤ ለታንከር ማንሻ አንክፈል፤ ውሉ ራሱን አያድስ። ገጹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ። በኋላ እንደነገረን ኩባንያው ቢሮ ገብቶ ኃላፊው እስኪወጣ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ አሥራ አንዱም ቤት ሊወጡ ነው አላቸው። “አልተነሳሁላቸውም” አለ አባቴን እያየ። አምስተኛ ገጽ ተጨምሮ በኃላፊው ተፈረመ። የእኛ ፊርማ ታንከሩ ሲመጣ ይሆናል ተባለ።

የድሮው ታንከር በተቆረጠው ቀን ተነሳ። አዲሱ በማግስቱ ይመጣል ተብሎ አልመጣም። ቤቱ ቀዘቀዘ። በኤሌክትሪክ ማፍያ ውሃ እያፈላን ሳፋ ውስጥ ብንጨምርም ሁለተኛው እስኪፈላ የመጀመሪያው ይበርዳል። እናቴ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። በዓል ደርሶ ሥራ ስለበዛ የሱቁ ባለቤት ሌላ ሰው ልትቀጥር እንደምትችል በስልክ ነገረቻት።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ታንከሩ በመኪና ተጭኖ መጣ። ሹፌሩ ወረቀቱን ሰጠኝ። ቆጠርኩት፤ አራት ገጽ ነው። አምስተኛው የለም። ሹፌሩ ስለ አምስተኛ ገጽ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ፣ ካልተፈረመ ግን ታንከሩን ማውረድ እንደማይችል፣ ሌላ ቤትም እንደሚጠብቀው ነገረኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አባቴ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል።

“ሳይን እናድርግና እንገላገል” አለ፤ ግን አልፈረመም፣ እኔን ያያል።

እናቴ ደረጃው ላይ እጆቿን ብብቷ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። እሷን ማየት ከበደኝ። ብንፈርም ለአምስት ዓመት እንታሰራለን፤ ባንፈርም ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ ይሄዳል። እማዬ፣ ምን ላድርግ አልኳት።

“ሁለት ቀን ችያለሁ፤ ሁለት ሰዓት አያቅተኝም። ሰውየውን ጥሪው” አለችኝ።

ወኪሉ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ካልቨር ሲቲ ነበር። የራሱን ቅጂ ይዞ እስኪደርስ እናቴ ሹፌሩን ወደ ወጥ ቤት አስገብታ ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ በማይታዘዙላት ጣቶች ዳቦውን መቁረስ ስላልቻለች አባቴ ቆረሰላት። ሹፌሩ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ፣ ስለ ሌላውም ቤት ማንሳቱን ተወ።

ወኪሉ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ፤ ገጹ በእጁ ነው። ሁለቴ አነበብኩት። የኃላፊውን ፊርማ ከሌላው ወረቀት ጋር አስተያየሁ። እሱ እያየኝ ኩባንያው ቢሮ ደውዬ ይኼው ገጽ ፋይላቸው ውስጥ እንዳለ ጠየቅኩ፤ አለ አሉኝ። አባቴ አላስቆመኝም። ወኪሉም ቅር ያለው አይመስልም ነበር፤ “ጨርሺ፣ ጨርሺ” ብቻ ነው ያለኝ። አባቴ ፈረመ። ታንከሩ ወረደ፣ ፍሳሽ እንደሌለው ተፈተሸ፣ ማሞቂያዎቹ ተለኮሱ። ከሰዓት በኋላ እናቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማን። ሰኞ ሥራዋ ላይ ነበረች።

አምስተኛው ገጽ ተረስቶ ነው የቀረው ይላል ወኪሉ። ሊሆን ይችላል። ቦቴው በመጣ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ያለውን ዋጋ ከተስማማንበት ጣሪያ ጋር አስተያያለሁ፤ እስካሁን አላለፈም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወኪሉ ጋር ወደ ሌሎቹ አሥራ አንድ ቤቶች እየሄድን የፈረሙትን አነብላቸዋለሁ፣ እንዲሻሻልም እንጠይቅላቸዋለን። አንድ ቤት ልጃቸው ሥራ ሄዳ ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘን። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

“ቆይ እስቲ ልጄ። ለመሆኑ አንቺን ስንት ነው የሚከፍሉሽ?”

ማንም አይከፍለኝም አልኳቸው። ወኪሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ መዳፋቸውን አላነሱም። ልጃቸው ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ጠየቅኳቸው። አሥር ሰዓት ላይ አሉኝ። እንግዲያው እሷ ታንብብልዎት አልኳቸውና ወረቀቱ ከእጃቸው ሥር እንዳለ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ጠበቅናት።